ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

የእኅቴ ልጅ ኑሮዋ የሰርግ ፎቶ ማንሳት ነው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ሰርግ ሲቆም፣ ያጠራቀመችውን ይዛ ኡጋንዳ፣ ማባምባ የሚባለው ረግረግ ልትሄድ ቲኬት ቆረጠች። ከጉዞዋ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ከጓደኛዋ የተዋሰችውን ረጅም ሌንስ በነጠላ ጠቅልላ ቤቴ መጣች። እኔ እዚያ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በአቦል የጀመርነው ጨዋታ በረካው ከተጠጣ በኋላም አላለቀም። የተባባልነው ከሞላ ጎደል ይህ ነው።

እሷ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? የምሄደው ለአንድ ወፍ ብዬ ነው። ሹቢልን ሳላነሳ ከተመለስኩ ገንዘቤን ውሃ በላው ማለት ነው።

እኔ፦ ማባምባ የሚሄድ ሰው ሁሉ ለእሱ ብሎ ነው የሚሄደው፤ አያሳፍርም። ብቻ ረግረጉን ሰርግ አዳራሽ ውስጥ እንደሚሰቀል መጋረጃ እንዳታዪው። እሱ ከሌለ ወፉም የለም።

እሷ፦ ቦታውን ካርታ ላይ አይቼዋለሁ። ከኢንቴቤ ማዶ ነው።

እኔ፦ አዎ። ኢንቴቤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ እንደ ምላስ የወጣች መሬት ናት፤ ማባምባ ከእሷ በስተምዕራብ፣ የሐይቁ ውሃ ወደ የብስ ገባ ባለበት ላይ የተኛ ረግረግ ነው። ናኪዎጎ ከሚባለው ወደብ በውሃ መሻገር ይቻላል፤ በመኪና ዞረው የሚሄዱም አሉ። 2,424 ሄክታር ያህል ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ካምፓላ የራምሳርን ስምምነት፣ ማለትም የዓለምን ረግረጎች ለመጠበቅ አገሮች የተፈራረሙትን ውል፣ ጉባኤ አስተናግዳ ነበር። በዓመቱ ማባምባም መዝገቡ ላይ ሰፈረ።

እሷ፦ እኔ ሳፋሪ ሲባል የሚታየኝ ጣሪያው የተከፈተ ላንድክሩዘር፣ አቧራና አንበሳ ነው።

እኔ፦ እዚያ አቧራ የለም፣ መኪናም የለም። ሦስት አራት ሰው የምትይዝ የእንጨት ጀልባ ናት። ከመስጠም የሚያድን ጃኬት ይሰጡሻል፤ ዋና ብትችዪም ልበሺው። ክፍቱን ውሃ በሞተር ታልፊያለሽ፣ ከዚያ ቀዛፊው ሞተሩን ያጠፋና ረጅም ዘንግ ያነሳል። ለእኔ ሳፋሪው የሚጀምረው ያኔ ነው። ደንገሉ ግራና ቀኙን ይዘጋል፣ መንገዱ የጀልባዋን ወርድ ያህል ብቻ ይሆናል፣ ዘንጉ ከጭቃው ሲላቀቅ ከሚያሰማው ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም።

እሷ፦ ደንገል ያው የጣናው ነው?

እኔ፦ ያው ነው። አንቺ ያየሽው ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታንኳ ሆኖ ነው። እዚያ ቁሞ ታዪዋለሽ፤ የሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን አለ። ሥሩ እርስ በርሱ ተቆላልፎ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። መሬት መስሎሽ ብትረግጪው ትገቢያለሽ። ሹቢል ግን ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ክብደቱን ይበትኑለታል፤ አምስት ስድስት ኪሎ የሚመዝን ወፍ ተንሳፋፊ ሣር ላይ ዝም ብሎ ቆሞ ታገኚዋለሽ።

እሷ፦ አስጎብኚው በሰባት ሰዓት ወደቡ ላይ እንገናኝ ብሎኛል። የፈረንጅ ነው አይደል?

እኔ፦ የፈረንጅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስለጻፈልሽ። በገዛ ቋንቋው በሉጋንዳ ቢሆን «ሳዋ ኤሙ» ይልሽ ነበር፤ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ባጋንዳዎችም እንደኛ ሰዓቱን ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። መጀመሪያ ስሰማው አገሬ ያለሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰዓት ካለሽ ግን ከዚያ ቀድመሽ ድረሺ። ምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ለስላሳው ብርሃን አይቆይልሽም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ጥላው መጥቆር ይጀምራል፣ አራት ሰዓት አካባቢ ከውሃው የሚነሳው ሙቀት የሩቁን ነገር ሁሉ ያርገበግበዋል። ያኔ ሌንስሽ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ምስሉ አይጠራም። እሩቅ ያለውን በጠዋት አንሺ፤ አበባውን፣ ትናንሾቹን ወፎች፣ የቀዛፊውን እጅ ረፈድ ሲል።

እሷ፦ ዝናብ ቢመጣስ?

እኔ፦ ወራቱ የዝናብ ነው፣ ይመጣል። ለካሜራው ላስቲክ ያዢ። ደመናን ግን አትጥዪው፤ የወፉ ላባ አመድማ ስለሆነ በደመና ብርሃን ነው እያንዳንዱ የሚለየው። ሌላው፣ ያደርሽበት ክፍል ማቀዝቀዣ ያለው ከሆነ ካሜራሽን ከነቦርሳው ከመነሳትሽ ግማሽ ሰዓት በፊት ወደ ውጭ አውጪው። ያለዚያ ሌንሱ ያልበዋል፣ የጠዋቱ ብርሃን አንቺ መስታወት ስትጠርጊ ያልፋል።

እሷ፦ ትራይፖድስ?

እኔ፦ ይቅርብሽ። ጀልባ ላይ ትራይፖድ የጀልባውን መናወጥ ለካሜራው ያቀብላል እንጂ አያስቆመውም። ወለሉ ላይ ዝቅ በይና ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ አስደግፊ። ዝቅ ስትዪ ጀልባዋም ትረጋለች፣ አንቺም ከወፉ ዓይን ጋር ትስተካከያለሽ። ከላይ ወደ ታች የተነሳ ወፍ ውሃው ላይ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ሹተሩን ከ1/1000 ሰከንድ አታውርጂው፤ ሊመታ ያሰበ ከመሰለሽ 1/2000 አድርጊው። አይኤስኦው ይውጣ፤ ትንሽ አሸዋ የመሰለ ፎቶ ከተንቀጠቀጠ ፎቶ ይሻላል። ፎከስሽን አንዲት ነጥብ ላይ ሰብስቢ፣ አለዚያ ካሜራው ከፊት ያለችውን የደንገል ዘንግ ይይዝና ወፉን ጭጋግ ያደርግብሻል። ድምፅ አልባው ሹተር ካለሽ ከወደቡ ሳትወጪ አብሪው።

እሷ፦ ይህን ሁሉ ጻፍኩት። አሁን ስለ ወፉ ራሱ ይንገሩኝ።

እኔ፦ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ ይሆናል። መንቆሩ የስንዝር ያህል ነው፣ ግን ወርዱ ነው የሚያስደነግጠው፤ ጫፉ ደግሞ እንደ ሜንጦ የተቆለመመ ነው። ዐረቦች «አቡ መርኩብ» ይሉታል፣ የጫማው አባት። እ.ኤ.አ. በ1850 ጆን ጉልድ ለንደን ላይ ሳይንሳዊ ስም አወጣለት፤ ትርጉሙ ራሱ የዓሣ ነባሪ የሆነ ንጉሥ እንደ ማለት ነው። ናሙናውን ከነጭ ዓባይ ያመጣው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ነበር፤ ዐድዋ አካባቢ ኖሮ ስለ ሐበሻ ኑሮ መጽሐፍ የጻፈው እንግሊዛዊ።

እሷ፦ እኛ አገርስ አለ?

እኔ፦ ጋምቤላ ውስጥ፣ ባሮና አኮቦ በሚያጥለቀልቁት ሜዳ ላይ ታይቷል። ግን ብርቅ ነው። በዓለም ላይ ያለው በጠቅላላ ከ5,000 እስከ 8,000 ይገመታል። የሚበላው ዓሣ ደግሞ ሳይንሳዊ ስሙ ፕሮቶፕቴረስ ኤቲዮፒከስ ነው፤ የኛን ስም የያዘ። እንደ እባብ የረዘመ፣ ጭቃ ውስጥ የሚኖር፣ ሳንባ ያለው ዓሣ። ሳንባ ስላለው ለመተንፈስ ወደ ላይ ብቅ ማለት ግድ ነው። ወፉ ሰዓታት ቆሞ የሚጠብቀው ያቺን አንዲት ትንፋሽ ነው።

እሷ፦ ሰዓታት?

እኔ፦ ሰዓታት። መንቆሩን ደረቱ ላይ አሳርፎ፣ ውሃውን ቁልቁል እያየ። ለአፍታ ዓይንሽን ብትነቅዪ የቆመበትን መልሰሽ ለማግኘት ትቸገሪያለሽ። ከዚያ ድንገት ይወድቃል። ጎንበስ አይልም የኔ ልጅ፣ መላ አካሉን ነው የሚጥለው፤ ራስ፣ ደረት፣ ክንፍ ተዘርግቶ። ሲነሳ አፉ ሙሉ ሣርና ጭቃ ነው። ሣሩን በመንቆሩ ጎንና ጎን እያወዛወዘ ያራግፋል፣ ዓሣው ይቀራል። በመንቆሩ ስለት የዓሣውን ራስ ቆርጦ ይውጠዋል፤ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ውሃ ይጠጣል። እንደ ሰው።

እሷ፦ ዓሣ አጥማጆቹ ግን ድሮ ይገድሉት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እኔ፦ እውነት ነው። ወደ ሥራ ሲወጡ እሱን ካዩ መረባቸው ባዶውን ይመለሳል ብለው ያምኑ ነበር፤ ገዱ ክፉ ነው ተብሎ ይገደል ነበር። እንዲህ አድርገሽ ካሰብሽው ጠቡ ይገባሻል፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ ዓሣ ነው። ዛሬ ከእነዚያው መንደሮች የወጡ ሰዎች ናቸው በማኅበር ሆነው እንግዳ የሚወስዱት።

እሷ፦ ስለዚህ ለገንዘቡ ብለው ነው የሚጠብቁት።

እኔ፦ ቢሆንስ? ልጅ ያስተምሩበታል፣ ቤት ይሠሩበታል። ወፉ በሕይወት መኖሩ ከመሞቱ ይልቅ ለመንደሩ ሲጠቅም፣ እኔ ከዚህ የተሻለ ጥበቃ አላውቅም። እኔን የወሰደኝ ቀዛፊ ፀጉሩ የሸበተ፣ ዓሣ በማጥመድ ያደገ ሰው ነበር። ወፉን እንዴት እንደሚያገኘው ጠየቅሁት። ወፉን አልፈልግም አለኝ። ዓሣው የት እንደሚተነፍስ አውቃለሁ፣ እዚያ እሄዳለሁ። መረብ ሲጥል የተማረው ነው። ይህ እውቀት በአቅራቢ መነጽር አይገኝም። ደግሞ እኔ ስድስት መቶ ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዤ ያላየሁትን፣ እሱ ዘንጉን ሳይለቅ በአገጩ ጠቁሞ አሳይቶኛል።

እሷ፦ ወፉ እስኪገኝስ ምን አነሳለሁ?

እኔ፦ ጃካናን። የውሃ አበባ ቅጠል ላይ የሚራመድ፣ ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ጋሻ ያለው ወፍ ነው። ሰዉ ሁሉ ለሹቢል እየቸኮለ ያልፈዋል፣ ያሳዝነኛል። ጃካና ዘንድ እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባትየው ነው። አንድ ጠዋት ቀዛፊው ዘንጉን ተክሎ ዝም አለ። ጃካና ቅጠል ላይ ቆሟል፣ ሲቆጠር ግን እግሩ በዝቷል። ከክንፉ ሥር ቀጫጭን፣ ክር የመሰሉ እግሮች ተንጠልጥለዋል። ለካ ጫጩቶቹን ሰብስቦ ብብቱ ሥር ይዟቸው ነው። ጥላ ሲያልፍ ፈርቶ እንደሆን አላውቅም፣ እንደ ተሸከማቸው ወደ ሌላኛው ቅጠል ተራመደ። እሱን ሳነሳ እጄ ተንቀጥቅጧል። ሲታቱንጋ የሚባል ረግረግ ወዳድ የድኩላ ዘመድም እዚያ ይኖራል፤ ካየሽው ዕድለኛ ነሽ።

እሷ፦ ሥራዬን ስለጥፍ ቦታውን ልጻፍ ወይስ ልተወው?

እኔ፦ ማባምባ ብለሽ ጻፊ፣ የሚያውቀው ይበዛል፤ ለቀዛፊዎቹም እንግዳ ነው። ጎጆ ካየሽ ግን ፎቶው ውስጥ የተደበቀውን የቦታ መረጃ አጥፊ፣ ለማንም አትንገሪ። ሹቢል ከአንድ እስከ ሦስት እንቁላል ይጥላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድገው ግን አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ዛምቢያ ውስጥ ባንግዌሉ በሚባለው ረግረግ ጫጩቶቹን ለሽያጭ የሚሰርቁ ስለነበሩ፣ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ተቀጥረው ጎጆ እስከ መጠበቅ ተደርሷል።

እሷ፦ እሺ። ዋናው ጥያቄዬ ይኸው፤ ስንት ሜትር ድረስ ልቅረብ?

እኔ፦ ሜትር አልሰጥሽም።

እሷ፦ ጋሼ!

እኔ፦ የምሰጥሽ ሜትር ስለሌለኝ ነው። አንዱ ወፍ ጀልባ ለምዷል፣ ሌላው አልለመደም። የምታዪው እሱን ነው። መንቆሩ ደረቱ ላይ ካለ ረስቶሻል። ቀና ካለ አውቆሻል። ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ አንቺ ካዞረ፣ ወይ ክንፉን ከጎኑ ላላ ካደረገ፣ ልኩን አልፈሻል፤ ቀዛፊው ወደ ኋላ ይመልስሽ። ከዚያ በፊት ግን ቀዛፊው ራሱ ያቆማል። እሱ ሲያቆም ቆመሻል ማለት ነው።

እሷ፦ ትንሽ ቢቀርብልኝ ብዬ ብለምነውስ? ከፍዬ ነው የምሄደው። ሰርግ ላይ አንድ እርምጃ ወደፊት ስል ሥዕሉ ይለወጣል። እንዲያውም የእርስዎ ያቺ ፎቶ፣ ስልኬ ላይ ያለችው፣ ሲበር ያነሱት፣ ያን ያህል ሳይቀርቡ እንዴት ትገኛለች? እኔን ለዚህ ጉዞ ያነሳሳችኝ እሷ ናት።

እኔ፦ እስኪ አሳዪኝ።

እሷ፦ ይችትና። ክንፉን ይዩት፣ እያንዳንዱ ላባ ይቆጠራል።

እኔ፦ ይህቺን ፎቶ ያዩ ሁሉ ያመሰግኑኛል። አንቺም ስትሄጂ እኔ ያደረግሁትን ልታደርጊ ስለሆነ ልንገርሽ። የመጀመሪያ ጉዞዬ ነው። ስንደርስ ወፉ አንድ ጠባብ ቦይ አፍ ላይ ቆሟል፣ መንቆሩ ደረቱ ላይ ነው። ቀዛፊው ራቅ ብሎ ዘንጉን ተከለ። ሌንሴ ያን ጊዜ አጭር ነበር። ቅረብልኝ አልኩት። «ምፖላ» አለኝ፤ ቀስ ማለት ነው። ዝም ብዬ ጠበቅሁ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል። ከዚያ መልሼ ቅረብ አልኩት፣ ጉርሻ እጨምርልሃለሁ አልኩ። አላየኝም። ውሃውን ነበር የሚያየው። ሦስተኛ ጊዜ ስናገር ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። ዘንጉን ሁለት ጊዜ ገፋው።

እሷ፦ ከዚያስ?

እኔ፦ ከጀልባዋ ሥር የደንገል ሥር ተሰበረ፤ ቀጭ ሲል ተሰማ። ወፉ ቀና አለ፣ ዞሮ አየኝ፣ ተነሣ። እኔ ጣቴን ከሹተሩ ላይ አላነሳሁም። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቀዛፊው ዘንጉን ጀልባዋ ውስጥ አጋደመና ቁጭ አለ። ደስ እንዲለው ብዬ የካሜራውን መስታወት ወደ እሱ አዞርኩ። አየት አደረገና፣ ከንጋት ጀምሮ እዚያ ቆሞ ነበር አለ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ቃል የገባሁትን ጉርሻ ወደቡ ላይ ስሰጠው ተቀበለኝ፤ ልጆች አሉት።

እሷ፦ ወፍ እኮ ነው፣ ይበራል፤ ሌላ ቦታ ሄዶ ይበላል።

እኔ፦ እኔም ራሴን እንዲያ ብዬ ነበር ያጽናናሁት። ማታ ኢንቴቤ ተመልሼ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ሳይ፣ የመጀመሪያው ላይ ደረስኩ። ወፉ ገና አልተነሳም፣ ራሱን ብቻ ቀና አድርጓል። ከእግሩ ፊት፣ ከአንድ ክንድ ባልራቀ ቦታ፣ ውሃው ላይ ቀለበት አለ። ክብ፣ ገና መስፋት የጀመረች። ዓሣው ለመተንፈስ ብቅ ብሎ ነበር።

እሷ፦ …

እኔ፦ ቀዛፊው ውሃውን ሲያይ የነበረው ያንን ነው። እኔ ሰዎች ግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሉት ፎቶ አገኘሁ፤ ፎቶው ግን የሚበር ሳይሆን የሚሸሽ ወፍ ነው።

እሷ፦ ሁለተኛ ጊዜ የሄዱት ለዚህ ነው?

እኔ፦ ለዚህ ነው። ያንኑ ሰው ፈልጌ አገኘሁት። ከወደቡ ሳንወጣ፣ የምታቆምበት ቦታ የእኔም ቦታ ነው አልኩት። ብዙ ርቀት ላይ አቆመ። ተቀመጥን፤ ትንኝ በላን፣ ዝናብ ዘነበብን፣ አባራ። ከሁለት ሰዓት በላይ አለፈ። ከዚያ ወፉ ወደቀ። ያቺን መሳቢያ ክፈቺ፣ ከላይ ያለችው ናት።

እሷ፦ ይህች? ጋሼ፣ ሣር እኮ ፊቱን ከፍሎታል። ወፉም ትንሽ ነው።

እኔ፦ ትንሽ ነው፣ ሣሩም አለ። መንቆሩን እይው።

እሷ፦ ጭቃ… ቅጠል… ቆይ፣ ይህ ጅራት ነው?

እኔ፦ የዓሣው ጅራት ነው። ከመንቆሩ ጫፍ ይወርድ የነበረው ውሃም አለ፣ በግራ በኩል። ለቀዛፊው አሳየሁት። በዚህኛው ሳቀ፤ ለሌላ ጀልባ ጓደኛው ስልክ ደውሎ ነገረው። በላ፣ በላ እያለ።

እሷ፦ ዓይኑ ላይ ፎከስ አለ?

እኔ፦ የለም። ሣሩ ላይ ነው። አንዲት ነጥብ ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ አንቺ ከእኔ የተሻለ ታነሺዋለሽ።

እሷ፦ ያቺን ቃል ይድገሙልኝ፤ ቀስ የሚለውን።

እኔ፦ ምፖላ። ሁለት ጊዜም ይባላል፣ «ምፖላ ምፖላ»። አንቺ ቀድመሽ ካልሽው ፊቱ ይፈታል። ምስጋናው «ዌባሌ» ነው፣ ለትልቅ ሰው «ሴቦ» ጨምሪበት።

እሷ፦ ዌባሌ ሴቦ። ጋሼ፣ ቀለበቷ የቱ ጋ ናት? ስልኬ ላይ እየፈለግኳት ነው።

እኔ፦ እዚያ ላይ አታገኚያትም። ያንቺ ስምንተኛው ነው። ቀለበቷ ያለችው የመጀመሪያው ላይ ነው።

እሷ፦ እንግዲያው የመጀመሪያውን ይላኩልኝ።